መስከረም 1 ዓርብ ነው፤ የጾም የእንቁጣጣሽ ገበታ እንዴት ላሳምር?

ጳጉሜን_ጠባቂ፣ ነሐሴ 17፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ፤ ጾመ ፍልሰታን በሰላም አስፈጽሞ እንኳን አደረሳችሁ።

ምክራችሁን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ዘንድሮ የእንቁጣጣሽ ምሳ እኔ ቤት ነው። እስካሁን አንድም ዓመት ሳይቋረጥ የምንሰበሰበው እናቴ ቤት ነበር። አሁን ግን ጉልበቷ አስቸግሯታል። እሳት ዳር ቆማ መዋል አትችልም። የእኛ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ስለሆነ ደረጃ የለውም። ወንድሞቼም "እንግዲህ አንቺ ጋ ይሁን" አሉ። ደስ ብሎኛል፤ ጨንቆኛልም።

9 አዋቂና 2 ልጆች ነን። እናቴ፣ የባለቤቴ እናትና አባት፣ ሁለት ወንድሞቼ፣ የታላቄ ሚስት ከነልጆቿ፣ አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን፣ እኔና ባለቤቴ። ያለኝ የ6 ሰው ጠረጴዛ ነው፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ60፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር። እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ መሶብም አለ። ከተጋባን ጀምሮ ሳሎን ጥግ ቆሟል እንጂ አንድ ቀን በልተንበት አናውቅም።

መስከረም 1 ዓርብ ላይ ዋለ። ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ፣ አይብ የለ። እንቁጣጣሽን ያለ ዶሮ ወጥ ሳስበው ገበታው ባዶ ሆኖ ይታየኛል። ኢንተርኔት ላይ የወቅት ገበታ ብዬ ስፈልግ ደግሞ የሚመጣልኝ ብርቱካናማ ዱባና የደረቀ ቅጠል ነው። ያ የፈረንጆቹ የቅጠል መርገፊያ ወቅት ነው። የእኛ መስከረም ገና ከዝናብ የወጣ፣ ለምለም፣ ቢጫ አበባ ያለበት ነው። እሱን ነው ጠረጴዛዬ ላይ ማየት የምፈልገው።

እናቴ ስትገባ አይታው ደስ እንዲላት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?


ዋንዛ_እንጨት፣ ነሐሴ 17

እህቴ፣ እኔ የቤት ዕቃ ነው የምሠራው። ከአበባው በፊት ስለ እጅ እናውራ።

የእኛ ገበታ ከፈረንጅ ገበታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ጋ ሁሉም ሰው ፊቱ ላይ የራሱ ሳህን አለው። መሀሉ ነጻ ስለሆነ ያሻቸውን ይደረድሩበታል። እኛ ጋ ግን መሀሉ ነው ምግቡ። የሁሉም እጅ ወደ መሀል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከፎቶ ላይ የተቀዳ አደራረግ ጠረጴዛሽ ላይ አይሠራም።

አሁን ቁጥሩን እይው። ብዙ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ትሪ መሀል ላይ ያስቀምጣል። ጠረጴዛሽ 160 ነው። ከትሪው ጠርዝ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ በግራም በቀኝም 50 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ጫፍ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ ጉርሻ ግማሽ ሜትር ሊንጠራሩ ነው። ደረታቸው ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፤ እጅጌያቸው ወጥ ይነካል።

አንዱን ትልቅ ትሪ ተይውና ባለ 50 ሁለት አድርጊ። 20 ከጫፍ፣ 50 ትሪ፣ 20 መሀል፣ 50 ትሪ፣ 20 ከጫፍ። ልክ 160 ይመጣል። በወርዱም በኩል 20፣ 20 ይተርፍልሻል። ብርጭቆ እዚያ ያርፋል። ለአንድ ትሪ ሦስት ሰው ማለት ነው። በሁለቱ ትሪዎች መካከል የቀረችው 20 ሳንቲ ሜትር ደግሞ የአበባሽ ቦታ ናት።

6ቱ ተቀመጡ። የቀሩት 3 አዋቂና ልጆቹ መሶቡ ጋ በርጩማ ላይ ይሁኑ። በድሮው ልማድ መሶቡ ለትልልቆቹ ነው፤ አውቃለሁ። ጉልበት የሚያመው ሰው ግን ዝቅ ብሎ መቀመጡ ሳይሆን መነሣቱ ነው ፈተናው። ትልልቆቹን ወንበር ላይ፣ ወጣቶቹን መሶቡ ጋ አድርጊ። መሶቡን ደግሞ ከጠረጴዛው አታርቂው፤ ሁለት ገበታ እንዳይመስል።


እትዬ_ከአንኮበር፣ ነሐሴ 18

ልጄ፣ እንኳን አደረሰሽ። እናትሽን ማሰብሽ ደስ ብሎኛል።

ዶሮ ባይኖር ባዶ ነው ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። እንቁጣጣሽ ረቡዕና ዓርብ ሲውል ጾሙ እንደማይቀር የታወቀ ነው። ረቡዕና ዓርብ ውለው ጾም የማይጾምባቸው ልደትና ጥምቀት ናቸው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀንም እንዲሁ። በ2017ም እንቁጣጣሽ ረቡዕ ነበር፤ በጾም ነው ያከበርነው። ዓርብ የጾሙን ትበላላችሁ፣ ቅዳሜ ዶሮው ይወጣል። በዓሉ ሁለት ቀን ሆነልሽ ማለት ነው።

ቄጠማውን አትርሺ። ግን ኮንዶሚኒየም ወለሉ ሴራሚክ ነው። እርጥብ ቄጠማ ሴራሚክ ላይ ሳሙና በይው። እኛ በአፈር ወለል ላይ ነበር የምንጎዘጉዘው፤ አያንሸራትትም ነበር። እናትሽ ጉልበቷን ታማለች። ስለዚህ ከዋዜማው ግዢው፣ እጠቢው፣ ውኃውን በደንብ አራግፊለት፣ በአንሶላ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ጠዋት ከግድግዳው ሥርና ከቡናው ዙሪያ ጎዝጉዢ። ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለውን መሄጃ ባዶ ተይው። ሽታው ቤቱን ለመሙላት ጥቂቱ ይበቃል።


የጾም_ምግብ_ቤት፣ ነሐሴ 18

እኔ ለዓመታት በየዓይነቱ ስደረድር ነው የኖርኩት። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ የዘንድሮ ዕድልሽ ጾሙ ነው። ዶሮ ወጥ እጅግ ይጣፍጣል፤ ትሪ ላይ ሲወጣ ግን አንድ ቀለም ነው፤ የሚያበራው እንቁላሉ ብቻ ነው። በየዓይነቱ ግን ቀለሙ የትየለሌ ነው። የምስር ወጥ ቀይ፣ የክክ አልጫ ቢጫ፣ የጎመን አረንጓዴ፣ የቀይ ሥር ሐምራዊ፣ የሱፍ ፍትፍት ነጭ። ይሄ ሁሉ እያለልሽ ሌላ ጌጥ ምን ያደርግልሻል?

የሚያበላሸው አደራደሩ ነው። ሰው እጁ የገባለትን ድስት ቀድሞ ያወጣል። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። እንጀራውን አነጥፋለሁ፤ ዓይኑ ወደ ላይ፣ ጠርዙ ትንሽ ወደ ትሪው ከንፈር ከፍ ብሎ። ምስሩን መሀል አደርጋለሁ። ቢጫውን ክክ በሁለት ቦታ ፊት ለፊት፣ በመሀላቸው ጎመን። አረንጓዴ ከቢጫ ጎን ሲሆን ሁለቱም ይደምቃሉ፤ መስከረምን የሚመስልልሽም ይሄው ነው። ምስርና ቀይ ሥር ግን ጎን ለጎን አይሁኑ። የቀይ ሥሩ ውኃ ሄዶ ሁሉንም ያቀላዋል። በጎመን ለያያቸው።

ውኃ የሚለቅ ነገር ወደ መሀል፣ ደረቅ ያለው ወደ ዳር። ዳሩ ከራሰ እንጀራው ሲቆረስ ይበጠሳል። ሰላጣና ቲማቲም ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚጨመረው። ሽሮውን ትሪው ላይ አታፍሺው። በትንሽ ሸክላ እየተንተከተከ ይምጣ፣ ሸክላው ሥር ሰፌድ ይደረግለት። ያ ድምፅ በራሱ ድግስ ነው።

ሲበዛ 7 ዓይነት። ከዚያ ካለፈ ትሪው ይጨናነቃል፤ እንጀራው መታየት አለበት። በሁለቱም ትሪ ላይ አደራደሩ አንድ ይሁን፤ አንዱ ትሪ ካንዱ እንዳይበልጥ።


ደሴ_ፒያሳ፣ ነሐሴ 18

ጎረቤትሽ ሙስሊም ናቸው ብለሻል። እህቴ፣ ዘንድሮ ጾም መሆኑ ስለሳቸው ስታስቢ ደስ ሊልሽ ይገባል።

እኔ ያደግኩት ወሎ ነው። ቤታችን ውስጥም ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። በበዓል ቀን የምንለየው ሥጋ ላይ ብቻ ነው። ለነሱ በሬው በነሱ እጅ ይታረዳል፣ ለኛ በኛ፤ ትሪውም ይለያል። እናቴ ሁለት ድስት ጥዳ ትውላለች። የጾም ሲሆን ግን ሁላችንም አንድ ትሪ ነው የምንከበው። አጎቴ ለአክስቴ ያጎርሳታል፣ እሷም መልሳ። ልጅ ሆኜ የምወደው እንቁጣጣሽ እንዲህ ያለው ነበር።

ጎረቤትሽን ከእናትሽ ጋር በአንድ ትሪ አስቀምጪያቸው። ምናልባት ጠላና ጠጅ የምታቀርቢ ከሆነ ለሳቸው ከአልኮል ነጻ የሆነ ብርዝ አድርጊላቸው፣ ያው በሌሎቹ ዓይነት ብርጭቆ። የተለየ ብርጭቆ እንግዳን ለብቻ ያደርገዋል።


ጳጉሜን_ጠባቂ፣ ነሐሴ 19

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ሐሳቤ ሁሉ ተለወጠ። ትናንት ማታ ባለቤቴ ሜትር አውጥቶ ለካ፤ የዋንዛ ልክ በትክክል መጣ። ደሴ፣ ያልከውን አንብቤ ወጥቼ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። "እንግዲያው ዳቦውን እኔ ነኝ የምደፋልሽ" አሉኝ። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል፣ ጥቁር አዝሙድ ያለበት!

ሁለት ነገር ቀረኝ። ጠረጴዛውን ምን ላልብሰው? ጥለቱ አረንጓዴና ቢጫ የሆነ ነጠላ አለኝ፣ እሱን አስቤ ነበር። አበባውስ? አደይ ባለፈው ዓመት ከዋዜማው ገዝቼ ጠዋት ጠወለገብኝ።


እትዬ_ከአንኮበር፣ ነሐሴ 19

ልጄ፣ ነጠላው ይቅር። ነጠላ የሰው ልብስ ነው። ለብሰሽው ቤተ ክርስቲያን ገብተሽበታል። ወጥ ሥር አይነጠፍም።


ሽሮሜዳ_ነኝ፣ ነሐሴ 19

እትዬ ልክ ናቸው፤ ከእሳቸው ሌላ እኔም የምጨምረው ምክንያት አለኝ። ነጠላ ስስ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ይንሸራተታል፣ ይሰበሰባል።

ሽሮ ሜዳ ለጠረጴዛ ተብሎ የሚሸመን ወፈር ያለ አለ። ሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ አካባቢ የመጡ ናቸው። ከአሁኑ ብታዢ በልክሽ ይሠሩልሻል፤ ጳጉሜን ከገባ ግን የበዓል ቀሚስ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ጊዜ አያገኙም። ሙሉ ጠረጴዛውን አታልብሺው። 35 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ በርዝመቱ የሚሄድ፣ በሁለቱም ጫፍ 20፣ 20 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ይበቃል። ማለት 2 ሜትር። ጥበቡ ጫፎቹ ላይ ብቻ ይሁን። መሀሉ በትሪ ስለሚሸፈን እዚያ ላይ ጥበብ ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው።

ትሪው ከሸማው ላይ በቀጥታ አይቀመጥ። በመሀላቸው ኮባ ቅጠል ቆርጠሽ አንጥፊ። ጎረቤትሽ ዳቦ ሲደፉ የሚተርፍ ኮባ አይጠፋም። ጥቁር አረንጓዴው ከነጩ ሸማ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሌላ ነው።

አልጫ መንጠባጠቡ አይቀርም። እርድ ሸማ ላይ ሲያርፍ ሰው ይደነግጣል። በሙቅ ውኃ አትሺው፣ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እጠቢና ፀሐይ ላይ አስጪው። የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም፤ በሁለት ሦስት ቀን ይደበዝዛል። የበርበሬ ዘይት ግን ወዲያው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ካላገኘ ይከርማል።


ሆለታ_መንገድ፣ ነሐሴ 20

አበባ ሥራዬ ነው፤ ጽጌረዳ እርሻ ውስጥ። እንደ እኛ ጽጌረዳ በማቀዝቀዣ የሚኖር አበባ ለምዳችሁ አደይን እንደዚያ ልታኖሩት ትፈልጋላችሁ። አደይ የሜዳ አበባ ነው። ግንዱ ቀጭን ነው፣ ቅጠሉ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ገበያ ላይ የምታገኙት ጠዋት ተቆርጦ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ ፀሐይ ላይ የዋለ ነው። ቤት ሲደርስ ግማሹ አልቋል።

እንዲህ አድርጊ። ከቻልሽ ዋዜማውን በጠዋት ግዢ፣ እንቡጥ የበዛበትን ምረጪ። ቤት እንደገባሽ የግንዱን ጫፍ በሰያፍ እንደገና ቁረጪው፤ ደርቆ የተዘጋው ጫፍ ውኃ አያስገባም። ታች ያለውን ቅጠል በሙሉ ልጪው፣ ውኃ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ይበሰብሳል። ከዚያ በባልዲ ውኃ እስከ አንገቱ ነክረሽ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሪው። ጠዋት ሲወጣ ቀጥ ብሎ ታገኚዋለሽ።

ትልቅ እቅፍ አታድርጊ። ትልቅ እቅፍ ፊት ይከልላል። ሰው ተቀምጦ ከፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ዓይን ማየት አለበት። 3 ወይም 5 ዘንግ፣ አፉ ጠባብ የሆነ ነገር ውስጥ። ለዚህ ከብርሌ የተሻለ ዕቃ አላየሁም። አንገቷ ቀጭን ስለሆነች አበባውን ሰብስባ ትይዘዋለች፤ ሆዷ ክብ ስለሆነ አትወድቅም። መስታወት ስለሆነች ግንዱ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሁለት ብርሌ በትሪዎቹ መካከል፣ አንድ ትንሽ ደግሞ መሶቡ አጠገብ። አበቃ።


እትዬ_ከአንኮበር፣ ነሐሴ 20

ብርሌ ጠጅ መጠጫ ነው፤ ውኃና ቅጠል ሲጨመርበት አልወድም። ግን እኔም ቤት አፏ የተሸረፈች አንዲት አለች፣ የእናቴ ነበረች። "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" ይላሉ። ለመጠጥ አትሆንም፣ ከንፈር ትቆርጣለች። ለመጣልም አልጨከንኩም፣ ስንት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ናት። አደይ ልጨምርባት ነው ዘንድሮ። ተባረክ ልጄ።


ሜሪላንድ_ዳር፣ ነሐሴ 21

ከባሕር ማዶ ላሉት ልጨምር። እዚህ አደይ የለም ብለን የላስቲክ አበባ ስንገዛ ኖረናል። የሰፈራችሁን መንገድ ዳር እዩት። በዚህ ወቅት ብላክ አይድ ሱዛን የሚሉት ቢጫ አበባ ይሞላል፤ የሜሪላንድ ግዛት አበባ እሱ ነው። መሀሉ ጥቁር ቡናማ ነው እንጂ ከሩቅ አደይ ነው የሚመስለው። አበባው ቆንጆና ጠንካራ ነው፣ ውኃው ከተቀየረለት ሳምንት ገደማ ይቆያል።

ከእሱም የሚቀርብ አለ። ረግረግ ባለበት፣ ቦይ ዳር፣ መስከረም ላይ የሚያብብ ቲክሲድ የሚሉት። እሱ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። አደይም እሱም ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎታችንም አንድ ወገን ናቸው። መጀመሪያ ያየሁት ከሥራ ስመለስ ነው። መኪናዬን ዳር አቁሜ ወረድኩ። ቅጠሉን ሳሸው ቆይቼ ለእናቴ ደወልኩ። ከፓርክና ከሰው ግቢ ግን አይቆረጥም፤ እኔ ዘሩን ገዝቼ በረንዳ ላይ ዘራሁት።

እዚህ መስከረም 1 የሥራ ቀን ስለሆነ ብዙዎቻችን ቅዳሜ ነው የምንሰበሰበው። ስለዚህ ዶሮው አይቀርብንም። ልጆቼ ደግሞ ትምህርት ቤት እንዳዩት ዱባ ይፈልጋሉ። አልከለከልኳቸውም። ዱባው ዓርብ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ማታ ዱባ ወጥ ይሆናል።


አሽዶድ፣ ነሐሴ 21

ሰላም ለሁላችሁ፤ እኛም ከእስራኤል ልንገባ ነው። ዘንድሮ መስከረም 1 ዓርብ ሲመሽ የአይሁድ አዲስ ዓመት ሮሽ ሃሻና ይገባል፤ ሰንበትም አብሮ ይገባል። ሦስቱ በአንድ ማታ! አያቴ ከጎንደር የመጣች ናት። እሷ እስካሁን በዓሉን "ብርሃን ሠረቀ" ነው የምትለው። እኛ ልጆቹ በዕብራይስጡ ስም እንጠራዋለን፤ እሷ ስትለው ግን ቤቱ ጸጥ ይላል።

ጠረጴዛችን ነጭ ነው የሚለብሰው። ሮማንና ፖም ከማር ጋር መሀል ይቀመጣል። ከእነሱ ጎን የአያቴ ዳቦ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ። ዶሮ ወጡ በዘይት ነው የሚሠራው፤ ሥጋና የወተት ነገር ስለማይቀላቀል ቅቤ አይገባበትም። ቅቤው ስለሌለ ሽንኩርቱን ረጅም ሰዓት ማቁላላት አለብሽ፣ ጣፋጭነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ለጾም ወጥሽም ይኸው ይሠራልሻል፤ ምስሩ ላይ ሽንኩርቱን አትቸኩዪበት።

ሮማን እዚያም ካገኘሽ ሁለት ሰንጥቀሽ ከአደዩ ሥር አስቀምጪ። ቀዩ ቢጫውን ያነሣዋል።


ዓርብ_ዕረፍቴ፣ ነሐሴ 22

እኔ ዱባይ ነኝ፣ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ጠረጴዛ የለኝም። ግን ይህን ሁሉ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዓርብ የዕረፍት ቀናችን ነው። ሌላ ዓመት እንቁጣጣሽ በሥራ ቀን ሲውል በስልክ ነው የምናከብረው። ዘንድሮ ዓርብ ዋለልን። 7 ሆነን አንዷ በተከራየችው ክፍል እንሰበሰባለን። ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ሱፍራ እናነጥፋለን፣ መሀሉ ትሪ። አበባ ውድ ነው፤ ሙቀቱም ውጭ ምንም አያቆይም። ስለዚህ ሎሚ እንገዛለን። ቢጫ ሎሚ፣ ብዙ። በትሪው ዙሪያ ክብ አድርገን እንደረድረዋለን፣ በመሀል በመሀሉ ናና። ከሩቅ ሲታይ አደይ ነው። ምግቡ ሲቀርብ ሎሚው ሰላጣ ላይ ይጨመቃል፣ ናናው ሻይ ውስጥ ይገባል። የሚጣል የለም።

ደግሞ አንዲት ነገር። አገር ቤት ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ ሥለው ቤት ለቤት ይሰጡ የለ? እህቴን የልጄን ሥዕል በስልክ ላኪልኝ ብያት አሳትሜዋለሁ። በእያንዳንዷ ፊት አንድ አንድ እናስቀምጣለን። ባለፈው አንዷ ሳትበላ በፊት ሥዕሉን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።


ጳጉሜን_ጠባቂ፣ ነሐሴ 22

ዓርብ ዕረፍቴ፣ እህቴ፣ ሎሚሽ ጠረጴዛዬ ላይ ይኖራል። ስታዘጋጁ ፎቶ አንሺና ላኪልን። ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

ሥዕሉንም ለወንድሜ ልጆች ነግሬያቸዋለሁ፤ 11 አደይ ይሥላሉ። ከኋላው የየሰዉ ስም ይጻፍበታል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዚያ ይታወቃል።


የጾም_ምግብ_ቤት፣ ነሐሴ 22

ሳልረሳው፦ ዕጣን ከምግብ በፊት አታጭሺ። ብዙ ሰው ቤቱ በዓል በዓል ይሽተት ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ያጨሳል። ያኔ የወጡ ሽታ ይጠፋል። ሰው በአፍንጫው ነው ቀድሞ የሚበላው። ትሪው ሲነሣ ረከቦቱ ይቅረብ፣ ዕጣኑም ከቡናው ጋር። መዓዛ ያለው ሻማም እንደዚሁ፤ ለጠረጴዛ መዓዛ የሌለው ጧፍ ይሻላል።

አምፖልሽንም እይው። ነጭ አምፖል ሽሮን አመድ ያስመስላል። ቢጫ አድርጊው።


ጳጉሜን_ጠባቂ፣ ነሐሴ 24

ዛሬ እሑድ ነው፤ ሙከራ አደረግን። ለአራት ሰው ብቻ፣ ግን ጠረጴዛውን እንደ በዓሉ አድርገን።

ሸማው ገና አልደረሰም፤ በነጭ አንሶላ ቁራጭ ተካነው። ባለ 50 ሁለት ትሪ ከመርካቶ ገዛሁ። ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጄን ዘረጋሁ፤ ክርኔን ሳላነሣ ደረስኩ። ኮባው ላይ ትሪው ሲያርፍ አይንሸራተትም፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። አደይ ገና ስላልወጣ ብርሌዎቹ ውስጥ አበባ ያወጣ የጎመን ዘንግ ከተትኩ። ቢጫ ነው፣ ቀጭን ነው፣ አማረ። ባለቤቴ "ይሄው ይበቃል" አለ፤ እኔ ግን አደዬን እጠብቃለሁ።

ያልተሳካው፦ ጎመኑን ቀድሜ አውጥቼ ጠቆረ። ቢላዋና ሹካ ያለ ልማዴ ደርድሬ ነበር፣ ቦታ ያዘብኝ፣ አነሣሁት። የእጅ ማስታጠቢያውን ረስቼው ነበር። 9 ሰው ተራ በተራ መታጠቢያ ቤት ከሚሰለፍ ጆግና ሳፋ ይዤ ልዞር ነው። ልጆቹ ያስታጥባሉ፤ ትልቁ ጆጉን፣ ትንሿ ፎጣውን ይዛ። ልምምድ አድርገዋል፤ ትንሿ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትዞር ብታዩዋት!

መሶቡን ወልውዬ ከፈትኩት። ውስጡ የእናቴ እጅ ሥራ ነው፤ አለላው ቀይና አረንጓዴ። ሳይበላበት ስለቆየ ቀለሙ አዲስ ነው። መስከረም 1 እንጀራ ይገባበታል።


እትዬ_ከአንኮበር፣ ነሐሴ 24

እሰይ ልጄ። አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም። እናትሽን የት ልታስቀምጫት ነው? ቤት ሙሉ ሰው ስታስተናግድ የኖረች ሴት ተቀመጪ ቢሏት አትቀመጥም። አንቺ ወጥ ቤት ስትገቢ እሷም ትነሣለች። ጉልበቷን ይዛ ድስት ልታነሣ ነው። አስቢበት።


ዋንዛ_እንጨት፣ ነሐሴ 24

ከግድግዳው በኩል፣ በሁለት ሰው መሀል። መነሣት ብትፈልግ ሌላ ሰው መነሣት አለበት።


ጳጉሜን_ጠባቂ፣ ነሐሴ 25

እትዬ፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የማይቀመጥ ሰው የሚቀመጠው ሥራ ሲኖረው ነው። የባለቤቴ አባት ይባርካሉ፤ ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ አሸጋግረን ብለው። ዳቦውን የምትቆርሰው ግን እናቴ ናት። ነግሬያቸው "እሷ ናት እንጂ ሌላ ማን ሊቆርስ" አሉ። ከግድግዳው በኩል፣ በጎረቤቴና በባለቤቴ እናት መሀል ነው ቦታዋ። ዳቦው ከነኮባው በሌማት ፊቷ ይቀርባል። 11 ቁራሽ ቆርሳ ለሁሉም በእጇ ታድላለች፤ ሁሉም ወደ እሷ ይመጣል።

ቢላዋውን ከቤቷ አመጣሁት። እጀታው እንጨት ነው፣ እሷ በአውራ ጣቷ የምትይዝበት በኩል ጎድጎድ ብሏል። ዛሬ ስለቱን አውጥቼለት ከሥዕሏ አጠገብ አኖርኩት።